ሰው የምትቆጥረው ቀይ መኪና

ቀይዋ መኪና ወደ እኔ የመጣችው በፊቷ ሳይሆን በጀርባዋ ነበር። አትክልት ተራ ነኝ። ዝናቡ አባራ ብዬ ቲማቲሜ ላይ ያለበስኩትን ላስቲክ እየገፈፍኩ ሳለ ሰው ሲንጫጫ ቀና አልኩ። ከጊዮርጊስ በኩል በሚወርደው ቁልቁለት ላይ አንዲት ዝቅ ያለች ስፖርት መኪና እንደ እንዝርት ዞረች፤ ከዚያ ኋላዋን አስቀድማ ትንሸራተት ጀመር። ሰው ሁሉ ወደየጥጉ ሸሸ። እኔ እግሬ አልታዘዘኝም። መኪናዋ የጎረቤቴን የጎመን ክምር ጥሳ፣ ከእኔም ቲማቲም ከፊሉን አፍርጣ፣ ከግንቡ ጋር ተላተመችና ቆመች።

ከውስጧ አንድ ሰው ብቻ ወጣ። ግንባሩ ይደማል፤ ግራ እጁን በቀኙ ደግፏል። ሊይዙት የሮጡትን ሰዎች ገፋ አደረጋቸውና የወረደበትን ቁልቁለት ሽቅብ አየ።

«ፍሬኑን ነክተውታል» አለ። «ሊገድሉኝ ነው።»

ሰውየውን አውቀዋለሁ። መኪናዋንም አውቃታለሁ። ሰሞኑን እጁን ያሳረፈባት መካኒክ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ልጄ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። አስካለ እባላለሁ። ዕድሜዬ አርባን አልፎ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ይህንንም የምጽፍላችሁ በዚያችው ፊደል ነውና ቃሉ ቢጎረብጣችሁ እለፉኝ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ልጃችን ታምራት ገና ትንሽ ሳለ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ከነጭነቱ ገደል ገባ። ከዚያ ወዲህ መኪና የሚባል ነገር ላይ አልወጣሁም። ገበያ በእግሬ፣ ለቅሶ በእግሬ፣ ንግሥ በእግሬ። «ፍሬን» የሚለው ቃል ሲጠራ ተነሥቼ እወጣ ነበር። መንገድ የምሻገረው እንኳ ሌላ ሰው ሲሻገር ጠብቄ፣ ከኋላው ተለጥፌ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ይስቅብኛልም።

ልጄ ግን የአባቱን ነገር ወረሰ። ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ባለ አንድ ጋራዥ መካኒክ ሆነ። እንዳይገባ ያላለቀስኩት ለቅሶ የለም። «እማዬ፣ እኔ እኮ አልነዳም፣ እጠግናለሁ። ሰው እንደ አባባ እንዳይሆን ነው የምሠራው» እያለ ያባብለኝ ነበር። እውነትም እጁ የተመሰገነ ሆነ።

የመኪናዋ ባለቤት ጓድ ፍስሃ ይባላል። የአንድ የመንግሥት መደብር ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ወጣት፣ ሽቅርቅር፣ ኬክ ቤቶቹ በራፍ ላይ መታየት የሚወድ። መኪናዋን በሐራጅ ነው የገዛት፤ ባለ ሁለት በር፣ የጣሊያን ሥሪት። ልጄ ዘንድ አምጥቶ «ዝቅ አድርግልኝ» አለው። በውጭ አገር መጽሔት ላይ መሬት ለመሬት የምትሄድ መኪና አይቶ ልቡ ሄዷል። ታምራት «ለምን ጓድ? እንዲሁ ታምራለች እኮ» ቢለው፣ «ወዛደሩ መሬት ላይ ተቀምጦ እኔ ከፍ ብዬ ልሂድ?» ብሎ ጋራዡን ሁሉ አስቆታል። ታምራትም የአራቱንም ጎማ ሞላ፣ ገላዋን የሚሸከመውን ጥምዝምዝ ብረት፣ አወጣና ከእያንዳንዱ ቆርጦ፣ መልሶ ገጥሞ አወረዳት። ማታ ቤት ሲመጣ ስለ ሠርግ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። «እማዬ፣ አስፋልቱን ልትስም ትንሽ ነው የቀራት» አለኝ።

በሳምንቱ የእኔ ቲማቲም ላይ ወደቀች።

ታምራትን በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ከጋራዥ ወሰዱት። የወሰደው የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ጌታሁን ነው፤ ከልጄ ጋር ያደገ፣ ቤቴ በልቶ ጠጥቶ የኖረ ልጅ። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ ሊያየኝ አፈረ። «እትዬ አስካለ፣ እኔ ባልወስደው ሌላ ሰው ነው የሚወስደው። ሌላው ደግሞ ቀልድ አያውቅም» አለኝ።

ክሱ አሻጥር ነው ተባለ። ያንን ዘመን ያያችሁ ቃሉን ታውቁታላችሁ፤ ላላያችሁ ልንገራችሁ። ቀይ ሽብሩ አልፏል፣ ፍርሃቱ ግን ገና ከየቤታችን አልወጣም። ስህተት የሠራ ሰው ይመከራል፣ ቢበዛ ይቀጣል። አሻጥር የሠራ ግን ሆነ ብሎ የጎዳ፣ ጠላት ያሰማራው ሰው ነው። ከቀበሌ ወደ በላዩ፣ ወደ ከፍተኛ ይላካል። ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሚላክ ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም ነበር። ስንቅ ይዛ ሄዳ «ከእንግዲህ አታምጪ» የተባለች ጎረቤት አውቃለሁ። እኔም ከዚያች ቃል በቀር የሚታየኝ ነገር አልነበረም።

ጓድ ፍስሃ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ከእሱ በፊት በዚያ ወንበር የተቀመጠው ሰው ከመኪናው ሲወርድ በጥይት ተመትቶ ነው የሞተው። ፈርቷል። እኔ ደግሞ የፈራ ሰው ምን እንደሚያስብ ከማንም በላይ አውቃለሁ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ወርቁ ድሮ ልብስ ሰፊ የነበረ፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። «ዝም ብለን ሰው አንልክም። መኪናዋ ትፈተን» አለ። ከአደጋው በኋላ የጋራዡ ልጆች ጎትተው ወስደው የተጨራመተ ገላዋን አቃንተውላት ስለነበር ትሄዳለች። ቅዳሜ ጠዋት ቀበሌው በር ላይ አመጧት። የሚነዳት አንድ የሰፈራችን የአውቶቡስ ሹፌር ተገኘ።

እንግዲህ ሹፌሩ ብቻውን ነድቶ ፍሬን ቢይዝ ነገሩ ያኔ ባለቀ። ግን ያን ጊዜ አንድ ሰው ብቻውን አይቶ ሌላው የሚያምንበት ነገር አልነበረም። የኮሚቴው አባላት «በጋራ የምንወስነውን በጋራ ማየት አለብን» አሉ። ሊቀመንበሩ ከፊት ገባ። የቀሩት ከኋላ፣ ለሁለት ሰው እንኳ በማትበቃው ወንበር ላይ፣ አንዱ የሌላው ጭን ላይ እየወጣ ተጠቀጠቁ። ቀድሞም ዝቅ ያለችው መኪና ይብስ አጎነበሰች። አንድ ወፍራም አባል ውጭ ቀርቶ «እኔስ?» ቢል፣ ጌታሁን «ጓድ፣ እርስዎ ጣሪያው ላይ ይሁኑና አጠቃላይ ሁኔታውን ይገምግሙ» አለው።

ሹፌሩ ፈጠነና ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ተመልሶ ደገመው፤ ቀጥ። አስፋልቱ እርጥብ ነው፣ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። እኔ ዳር ቆሜ እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ፍሬኑ ጤነኛ ከሆነ ልጄ ምን በደለ?

ጓድ ፍስሃ እጁን በጨርቅ አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወደ ሊቀመንበሩ ቀረበ።

«አያችሁ አይደል?» አለ። «እኔ ፍሬን ስይዝ ዞረች። ምስክሩ አትክልት ተራ በሙሉ ነው። ዛሬ ፍሬን ሲያዝ አትዞርም። በመካከሉ የት ነበረች? እሱ ጋራዥ ውስጥ። ጓደኞቹ መልሰው አስተካከሉና ማስረጃውን አጠፉ። እኔ አንድ ሰው መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቡድን ነው።»

የልጄ ነጻነት ነው ያልኩት ነገር ገመዱ ሆነ። ሊቀመንበሩ «ነገ ስብሰባው ላይ እንወስናለን። ሌላ ነገር ካልተገኘ ሰኞ ወደ ከፍተኛ ይሄዳል» አለ።

ምሳውን ይዤ ልጄ ወደታሰረበት ክፍል ሄድኩ። ጌታሁን ምግቡን መፈተሽ ስላለበት አንድ ደህና ጉርሻ ጎረሰ። «ቦምብ የለበትም፤ በርበሬ ግን አላነሰውም» ብሎ በሩን ከፈተልኝ።

ታምራት ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። እንጀራውን አላየውም።

«እማዬ፣ ፍሬኑን አልነካሁም። በአባባ አፅም።»

«አውቃለሁ።»

«ግን ዞራለች፤ አንቺም አይተሻታል። እኔ ሞላ ነው የቆረጥኩት። ሞላ መቁረጥ ፍሬንን ምን ያደርገዋል? ከገባሁ ጀምሮ መኪናዋን በሐሳቤ እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው። አልመጣልኝም።»

«ዛሬማ አልዞረችም» አልኩትና የጠዋቱን ነገርኩት። ሊቀመንበሩ ያለውን ክፉውን ነገር ለመናገር አንደበቴ እምቢ ስላለኝ፣ እስቲ ትንሽ ይሳቅልኝ ብዬ የኮሚቴውን አጫጫን ጀመርኩለት፤ እንዴት እንደተጠቀጠቁ፣ መኪናዋ እንዴት እንዳጎነበሰች፣ ጌታሁን ወፍራሙን ሰውዬ ጣሪያ ላይ ሊያወጣው እንደነበር። ልጄ አልሳቀም። እጁን አነሣ።

«ቆይ። ከኋላ ስንት ሰው ነበር?»

«እኔ እንጃ። አንዱ የሌላውን ጢም እየበላ ማን ይቆጥራቸዋል?»

«ፍሬን በያዘ ቁጥር እነሱ ከኋላ ነበሩ?»

«ማን ሊወርድ? ሽርሽር ነው የያዙት።»

«ጓድ ፍስሃስ? ያን ዕለት ሲወርድ?»

«ብቻውን ነበር። ሲወጣ እኮ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ታምራት ምሳ ዕቃዬን አንሥቶ መሀላችን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ይህቺ መኪናዋ ናት። ከሥሯ፣ የኋላ ጎማዎቿ አጠገብ፣ አንዲት ቀጭን የብረት ዘንግ አለች። ሥራዋ ጭነት ማወቅ ነው። ከኋላ ሰው ሲቀመጥ መኪናዋ ታጎነብሳለች፤ ዘንጓ ትገፋና ለኋላ ጎማ ብዙ ፍሬን ትለቅለታለች። ሰው ሲወርድ መኪናዋ ቀና ትላለች፤ ዘንጓም ትመለስና የኋላውን ፍሬን ትቀንሳለች። ገባሽ?»

«ቀጥል።»

«እኔ ሞላውን ቆርጬ አወረድኳት። ዘንጓ ግን መኪናዋ ያጎነበሰችው በሞላው ይሁን በሰው በምን ትወቀው? ሰው የተሞላ መሰላት። ስለዚህ ባዶዋን ስትሆንም ለኋላ ጎማ የሙሉ መኪና ፍሬን ትሰጠዋለች። የኋላው ጎማ ቀድሞ ቀጥ ይላል። መንገዱ ካሟለጨ ኋላዋ ፊቷን ይቀድማል።»

ነገሩ ሁሉ አልገባኝም። ግን አትክልት ተራ ስንቱን ተሸካሚ አይቻለሁ፤ ሙሉ ኬሻ ነው ብሎ ጉልበቱን አጠራቅሞ ብድግ ሲያደርገው ባዶ ሆኖበት ወደ ኋላ የሚገለበጠውን።

«ባዶውን ኬሻ እንደ ሙሉ አነሣችው በለኛ» አልኩት።

«በቃ፣ እንደሱ ነው እማዬ» አለ። ከታሰረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንጀራውን ሲቆርስ አየሁት። «ነገ ንገሪያቸው። ከኋላ ያለው ሁሉ ይውረድና ባዶዋን ትፈተን።»

«እኔ? እኔ ስብሰባ ላይ ሳል እንኳ ስሎ አያውቅም ጉሮሮዬ።»

«ሌላ ማን አለኝ?»

እሁድ ስብሰባው የሚጀመረው ቅዳሴው ሳያልቅ ነው፤ ያኔ እንደዚያ ነበር። በጊዮርጊስ በር ሳልፍ ቆም ብዬ ተሳለምኩና «ድምፅ ብቻ ስጠኝ» አልኩት። አዳራሹ ሞልቷል። ጓድ ፍስሃ ከፊት ተቀምጧል። ሊቀመንበሩ የልጄን ስም ሲጠራ እጄን አወጣሁ። እጄ ከመንቀጥቀጡ የተነሣ የማውለበልብ መስሎ ነበርና ሰው ሳቀ።

«ጓድ አስካለ፣ ይናገሩ።»

«ትናንት መኪናዋን የፈተናችኋት ሞልታችሁባት ነው» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ነው የመሰለኝ። «ጓድ ፍስሃ ግን ያን ዕለት ብቻቸውን ነበሩ። የምትዞረው ባዶዋን ስትሆን ነው። ሰው ሲሞላባት አትዞርም።»

ጣሪያው ላይ ሊወጣ የነበረው ወፍራሙ ሰውዬ ከመድረኩ ጎንበስ አለ። «ፍሬን ሰው ይቆጥራል እያሉን ነው?» አለ። ሳቁ ደራ።

«ይቆጥራል» አልኩ። «ልጄ ሞላዋን ሲቆርጠው ቁጥሩ ተምታታባት። ባዶዋን ሆና የሞላች ይመስላታል። ሙሉ ኬሻ ነው ብሎ ባዶ ኬሻ የሚያነሣ ሰው ምን ይሆናል? ከእናንተ ውስጥ አትክልት ተራ የሚሸከም የለም?»

ከኋላ አንድ ድምፅ «በቂጡ ይቀመጣል» ብሎ መለሰልኝ። ሰው እንደገና ሳቀ፤ አሁን ግን ከእኔ ጋር ነበር የሚስቀው።

ሊቀመንበሩ አልሳቀም። እንደ ድሮ ሙያው ነገሩን በዓይኑ የሚለካ ይመስል ነበር። «ይህ እኮ የሚያስቸግር አይደለም። ባዶዋን ትፈተን» አለና ወደ ሹፌሩ ዞረ።

ሹፌሩ ተነሣ። «የማትዞር ከሆነ እነዳታለሁ። የምትዞር ከሆነ ግን፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ልጄ ይንዳት» አልኩ።

ጓድ ፍስሃ ፊቱን አዞረብኝ። «እስረኛ መኪና ይሰጠው? በዚያው ቢጠፋስ?»

«አብሬው እገባለሁ። ዋሱ እኔ ነኝ።»

ይህን ማን እንደተናገረው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አፉ ግን የእኔ ነበር። እኔን የሚያውቅ ሁሉ መኪና ምን እንደሚያደርገኝ ያውቃል። ጌታሁን ከበሩ አጠገብ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እትዬ አስካለ የገቡበት መኪና የትም አይሸሽም። አራት ኪሎ ሳይደርስ 'አውርደኝ፣ በእግሬ ልሂድ' ይሉታል።»

«ዋስነቱ ተቀባይነት አለው» አለ ሊቀመንበሩ።

ወደ ጃንሜዳ ሄድን። የተሰብሳቢው ግማሽ ተከተለን፤ ለእሁድ ከዚህ የበለጠ ትርዒት የት ይገኛል? መኪና የሚለማመዱ ሰዎች የሚመላለሱበት ጠፍጣፋ ቦታ ዝናብ ጠጥቶ ያብለጨልጫል። ታምራትን አምጥተው እጁን ፈቱለት። መኪናዋ ውስጥ መግባት መግባት አይባልም፣ መውረድ ነው። እግሬን ዘርግቼ መሬት ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። በሩ ሲዘጋ የባለቤቴ የመጨረሻ ሰዓት እንዴት እንደነበር፣ ስንት ዓመት ላለማሰብ የሸሸሁት ነገር፣ መጥቶ ጎኔ ተቀመጠ።

«ታሜ፣ አባትህ...»

«አባባን የገደለው እምቢ ያለ ፍሬን ነው። ይህቺ ፍሬን የበዛባት ናት» አለኝ። ድምፁ የአባቱን ይመስል ነበር። «ስትዞር ዓይንሽን አትጨፍኚ። የሚያስፈራው ሲጨፍኑት ነው። መሪውን ብቻ እንዳትይዢብኝ።»

ሞተሯ ጮኸ። ዛፎቹ መሮጥ ጀመሩ። ከዚያ ፍሬኑን ረገጠው።

መጀመሪያ ከወንበሬ ሥር አንድ ነገር ያመለጠ መሰለኝ። ቀጥሎ ጃንሜዳ ዞረ። ዛፍ አየሁ፤ ኮሚቴውን አየሁ፤ የእንጦጦን ተራራ አየሁ፤ መልሼ ኮሚቴውን አየሁ። ዓይኔን አልጨፈንኩም። ስንቆም ፊታችን ወደመጣንበት ነበር።

«እማዬ?»

«ዞረች» አልኩት። ከወለድኩት ቀን ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። «ታሜ፣ ዞረች እኮ።»

ሰው ወደ እኛ ሮጠ። ጓድ ፍስሃ ግን ራሱን ነቀነቀ። «መሪውን አዙሮት ነው። እንደዚህማ ማንም ያዞራታል» አለ።

እየተንገዳገድኩ ወረድኩና በሩን ያዝኩለት። «እኔ ከተቀመጥኩበት ይቀመጡ» አልኩት። «ዓይንዎን ከእጁ ላይ አያንሡ።»

ሰው ሁሉ አየው። ፊቱ አመድ መሰለ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ የእኔ ፊት ነው። ጠጋ ብዬ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ «ሲዞር አይጨፍኑ። የሚያስፈራው ሲጨፍኑት ነው» አልኩት። ገባ።

መኪናዋ ሄደች፣ ፍሬን ተያዘ፣ ዞረች። ጓድ ፍስሃ ወጥቶ ደህነኛ እጁን ጣሪያዋ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ለሊቀመንበሩ ሳይሆን ለመሬቱ የሚናገር መስሎ፣ «መሪውን አላዞረም። ቀጥ አድርጎ ነው የያዘው። ያን ዕለትም ልክ እንዲህ ነው ያደረገችኝ» አለ።

ሊቀመንበሩ «እንሙላት» አለ። ኮሚቴው እንደገና ተጠቀጠቀ፤ ወፍራሙም ሰውዬ በዚህ ጊዜ እምቢ ብሎ ገባ። በዚያው ቦታ፣ በዚያው ፍጥነት ቀጥ ብላ ቆመች። ሲወርዱ የሚስቅ የለም።

«ታስተካክለዋለህ?» አለው ሊቀመንበሩ ልጄን።

«ክሪክና ቁልፍ ካለ።»

ክሪኩን አምጥተው ኋላዋን አነሡለት። ታምራት ጭቃው ውስጥ በጀርባው ተኝቶ ከሥሯ ገባ። ዘንጓ የታሰረችበትን ብሎን ፈትቶ፣ መኪናዋ ዝቅ ባለችው ልክ ማሰሪያዋን አዛውሮ መልሶ አጠበቀው። ረጅም ሥራ አልነበረም። ሲወጣ ከፀጉሩ ጀምሮ ጭቃ ነበር። «አሁን ባዶ መሆኗን ታውቃለች» አለ።

ሊቀመንበሩ «ማን ይገባል?» ብሎ ዞር ሲል እኔ ገብቼ በሩን ዘግቻለሁ።

ዛፎቹ ሮጡ። ልጄ ፍሬኑን በሙሉ እግሩ ረገጠው። መኪናዋ አፍንጫዋን ደፋ አደረገችና ቀጥ ብላ ቆመች። ዛፉ በቦታው፣ ተራራው በቦታው፣ ሰዉ በቦታው። እልልታ ሰማሁ። የማን ነው ብዬ ስፈልግ ታምራት እኔን እያየ ሲስቅ አገኘሁት፤ ለካ የራሴ ነው። ከዚያ ሜዳው ሁሉ ተቀበለኝ። አውቶቡስ ሹፌሩ ኮፍያውን ወደ ላይ ወረወረው።

ሊቀመንበሩ እዚያው ቆሞ ተናገረ። «አሻጥረኛ ጥፋቱን ይሸሽጋል። ይህ ልጅ ግን ጥፋቱን በሁላችንም ፊት አሳይቶ፣ በሁላችንም ፊት አርሞታል። ስህተት ነው፤ ስህተቱም ታርሟል። ወደ ቤቱ ይሂድ።»

ጌታሁን ጠመንጃውን ወደ ጀርባው ገፋና ልጄን አቀፈው። «እኔ ግን አሁን የማንን ምሳ ልፈትሽ ነው?» አለ። ያን ቀን ቤቴ መጥቶ ሳይፈትሽ በላ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ፍርሃቴ በዚያ ቀን ጥሎኝ ሄደ ብዬ አልዋሻችሁም። ዛሬም መኪና ሲፈጥን እግሬ ወለሉን ይረግጣል። ግን ከዚያ ወዲህ ከመኪና አልሸሸሁም፤ ስሳፈርም የፊት ወንበር ነው የምይዘው። ስብሰባ ላይም እጄን ሳወጣ የሚስቅብኝ አልነበረም። በተለይ እናቶች፣ ልጃችሁ ጭንቅ ውስጥ ሲገባ «እኔ ምን አውቃለሁ» ብላችሁ አትቀመጡ። እኔ ስለ ፍሬን የማውቀው መፍራቱን ብቻ ነበር። ልጄን ያወጣው ግን ላስቀው ብዬ የነገርኩት የሰዎች መጨናነቅ ነው። ያያችሁትን ንገሩት፣ ምንም ባይመስላችሁም። ከዚያ እሱ የሚለውን ይዛችሁ፣ እየተንቀጠቀጣችሁም ቢሆን፣ እጃችሁን አውጡ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የጓድ ፍስሃ እጅ ከዳነ በኋላ አንድ ቀን አትክልት ተራ መጣ። መኪናዋን ጥግ አስይዞ ቲማቲሜን እያገላበጠ ቆመ፤ የሚገዛ ግን አይመስልም።

«እትዬ አስካለ፣ እስከዚህ ያመጣት ታምራት ነው፤ አቁሞልኝ ወደ ጋራዡ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጥኩም» አለኝ። «እርስዎ አጠገቤ ቢቀመጡ ግን እነዳት ነበር።»

ሽርጤን ሳልፈታ ተነሣሁ። ሽቅብ ወጣን፤ በጊዮርጊስ ዞርን፤ በፒያሳ ወርቅ ቤቶችና ኬክ ቤቶች ፊት፣ መሬት ለመሬት፣ እኔ ባለ ሽርጧ ከፊት ተቀምጬ አለፍን። ልጄ ከጋራዡ ወጥቶ ዘይት በነካ እጁ አውለበለበልኝ። ከዚያ ያ ቁልቁለት አናት ላይ ደረስን። ማካፋት ጀምሮ ነበር። ጓድ ፍስሃ መኪናዋን አቆማት። መሪውን የጨበጠው እጁ ነጥቷል።

ከታች አትክልት ተራ ቆሞ ወደ ላይ ያየናል። አንዳንዱ ሳጥኑን ከወዲሁ ማንሣት ጀምሯል።

«ልቀቃት ልጄ» አልኩት። «ፍሬኗን የሠራው ታምራት ነው።»

ለቀቃት።